ምርጡ ወይፈን ለምን ቀድሞ ይሸጣል?

የፋሲካ ሰሞን ወደ ከብት ገበያ የሚወርድ ገበሬ ከበረቱ የትኛውን ወይፈን ይዞ ይወጣል? ያማረውን፣ ፈጥኖ ያደገውን፣ ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያየው የሚጠራውን። ከሲታው ዋጋ ስለማያወጣ እቤት ይቀራል። እቤት የቀረው ደግሞ ላሞቹን ያጠቃል። የከርሞ ጥጆች አባት እሱ ነው ማለት ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የቀንድ ከብት ምርታማነት ሲነሳ መኖ፣ በሽታና ገበያ ይጠቀሳሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። የኮርማ ምርጫ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አባቶች «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ሳይንሱም ከዚህ አይርቅም። በአንድ መንጋ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ግጦሽ ላይ ባደጉ ከብቶች መካከል በዓመታቸው ከሚታየው የክብደት ልዩነት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ከዘር የሚመጣ ነው። የቀረው የመኖ፣ የጤናና የእናት ወተት ጉዳይ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የዘሩ ድርሻ ሲሶ ነው እንበል። ከእኩዮቹ በ30 ኪሎ የሚበልጥ ወይፈን ለዘር ቢቀር፣ ከብልጫው 10 ኪሎ ያህሉ የዘር ነው ተብሎ ይገመታል። ጥጃ ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን ስለሆነ ልጆቹ በአማካይ 5 ኪሎ ገደማ ይጨምራሉ። 5 ኪሎ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ኮርማ በዓመት ብዙ ላሞች ያጠቃል፤ ሴት ልጆቹም የወረሱትን ያስተላልፋሉ፤ ምርጫው በየትውልዱ ሲደገም ይጠራቀማል። ይኸው ሂሳብ ወደ ኋላም ይሠራል። በ30 ኪሎ የሚያንሰው ለዘር ሲቀር ኪሳራውም እንዲሁ ይጠራቀማል።

የቦረና ከብት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቦረና አርብቶ አደር ኮርማ ሲመርጥ የእናቱን ወተት፣ ቁመናውንና የዘር ሐረጉን ያያል። እውቀቱ አለ። ድርቅ ሲመጣና ገንዘብ ሲያስፈልግ ግን ያማሩት ወይፈኖች ተጭነው ወደ አዳማ አካባቢ ማድለቢያዎች ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ ውጭ ይላካሉ። ከዚሁ ዝርያ ወደ ኬንያ የተሻገረው ሌላ ዕድል ገጠመው። የኬንያ አርቢዎች መዘኑ፣ መዘገቡ፣ መረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የራሳቸውን የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የኬንያው ቦረን እዚህ ከቀረው ዘመዱ ገዝፎ ይታያል፤ ዘሩም ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። የተሻለ የግጦሽ አያያዝም ድርሻ አለው፤ ያለ ምርጫ ግን እዚያ አይደረስም ነበር።

«የውጭ ዝርያ ማዳቀል አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለከተማ ዙሪያ ወተት ማዳቀሉ ጠቅሟል። በቆላ ሙቀት፣ ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ከብት ግን መልስ አይሆንም። የደቡብ ምዕራቡ ሸኮ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የገንዲን በሽታ ከሌሎች በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ግዝፈት ብቻውን ግብ ሊሆን አይገባም። ግዙፍ ከብት ብዙ ይበላል፤ በድርቅም ቶሎ ሊጎዳ ይችላል። ዕድገት ከመውለድና ከመትረፍ ጋር አብሮ መመዘን አለበት።

መንገዱ በአገር ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝና በቦንጋ በግ አርቢዎች የጠቦቶቻቸውን ክብደት እያስመዘገቡ የዘር አውራ በጋቸውን በጋራ ይመርጣሉ። ከብት ላይ ይከብዳል፤ ላም በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ጥጃ ነው፣ ትውልዱም ረጅም ዓመት ይፈጃል። ሁለት ላም ያለው ገበሬም ለብቻው ኮርማ መቀለብ አይችልም። በዚህም ምክንያት ኮርማው የመንደር የጋራ ንብረት መሆን አለበት። የጆሮ ቁጥር፣ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትርና አንድ መዝገብ ለመነሻ ይበቃሉ።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። ነጋዴው ምርጡን ወይፈን በዓይኑ ለይቶ ዋጋውን ይከፍላል። ለዘር ብሎ ያንኑ ዋጋ የሚከፍል ማኅበር ወይም መንግሥት ገበያው ውስጥ እስካልቆመ ድረስ፣ ልጆቹን ለማስተማርና ግብሩን ለመክፈል ወይፈኑን የሚሸጠውን ገበሬ መውቀስ አይቻልም።