ርካሽ አየር መንገድ ቢቋቋም ስንት አብራሪ ይቀጠራል?



ምርጫ ሲደርስ ለወጣቱ ሥራ እንፈጥራለን የማይል ፓርቲ የለም። እኛም እንላለን። ሆኖም ሥራ መፍጠር በአፍ ሲነገር ቀላል፣ በቁጥር ሲሰላ ግን ተናጋሪውን የሚያሳፍር ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ አንድ ጠባብ ጥያቄ ብቻ አንስተን እስከ መጨረሻው ልንከተለው መርጠናል። በአገራችን የግል ባለሀብቶች ርካሽ ትኬት የሚሸጥ አዲስ አየር መንገድ ቢያቋቁሙ፣ የበረራ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ፈቃዳቸውን በኪሳቸው ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ ወይ?

ጥያቄው የወላጆች ነው። ልጃቸውን አብራሪ ለማድረግ ቤት የሸጡ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ የተበደሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት መፈክር ሳይሆን እውነተኛ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ለብዙ ዓመታት የግል ባለሀብት ከ20 መቀመጫ በላይ ያለው አውሮፕላን ይዞ መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ተከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅም ገደቡን ወደ 50 መቀመጫ ከፍ አደረገው እንጂ አላነሳውም። በ50 መቀመጫ ርካሽ አየር መንገድ ማቋቋም የማይታሰብ ነገር ነው፤ የዚህ ንግድ ምሥጢሩ ብዙ ወንበር፣ ብዙ ምልልስ፣ ጥቂት ወጪ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 474 የአገር ውስጥ በረራን ለኢትዮጵያውያን፣ እስከ 49 በመቶም የውጭ ባለሀብት ለሚሳተፍበት ሽርክና ከፈተ። ዓለም አቀፉን በረራ ግን ከመንግሥት ጋር በጋራ ካልሆነ አይፈቅድም። እንግዲህ በወረቀት ላይ በሩ ገርበብ ብሏል።

ሀቁ ግን ሌላ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋህዶ በአንድ ግሩፕ ሥር ይገኛል። ተርሚናሉ፣ የመሬት ላይ አገልግሎቱ፣ ትልቁ የጥገና ማዕከልና ትልቁ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በአንድ እጅ ናቸው። አዲስ የሚመጣ ድርጅት አውሮፕላኑን የሚያቆመው በተወዳዳሪው ግቢ፣ ሻንጣውን የሚያስወርደው በተወዳዳሪው ሠራተኛ፣ ኪራዩንም የሚከፍለው ለተወዳዳሪው ነው። ሱቅ የከፈተ ሰው አከራዩም ጎረቤት ነጋዴውም አንድ ሰው ሲሆኑበት ምን እንደሚገጥመው መርካቶ ውስጥ የነገደ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድርጅቱ ቢቋቋም ስንት አብራሪ ይቀጥራል? ስሌቱ የተሰወረ አይደለም። ርካሽ አየር መንገድ የሚያተርፈው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ባለመቆሙ ስለሆነ፣ አንዱን አውሮፕላን በቀን እስከ 11 ሰዓት አየር ላይ ማዋል ይፈልጋል። ይህ በዓመት ወደ 4,000 ሰዓት ይጠጋል። አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ወይም ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይበር በብዙ አገር ሕግ ይከለከላል፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና የሲሙሌተር ሥልጠና ሲቀነስ በተግባር 800 ሰዓት ቢሠራ ጥሩ ነው። ስለዚህ ለአንድ አውሮፕላን አምስት ካፒቴንና አምስት ረዳት አብራሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሦስት አውሮፕላን ይዞ የሚጀምር ድርጅት 30 ሰው ይቀጥራል።

እኛ አገር ግን ይህም ሊያንስ ይችላል። የማታ ማረፊያ መብራት በሌለበት ከተማ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ይቆማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ፣ አየሩ ስስ ነው፤ በሙቀት ሰዓት የአውሮፕላኑ የመነሳት አቅም ስለሚቀንስ አንዳንዴ ጭነት ወይም መንገደኛ መቀነስ ግድ ይላል። በቀን ሰባት ሰዓት ብቻ የሚበር አውሮፕላን ሦስት ወይም አራት ካፒቴን፣ ያንኑ ያህልም ረዳት ይበቃዋል። 30 የነበረው ወደ 20 ይወርዳል። የአቪዬሽን ፖሊሲን በአዲስ አበባ ስብሰባ አዳራሽ ብቻ የሚነድፉ ሰዎች የአንድ ክፍለ ሀገር ማኮብኮቢያ መብራት የአብራሪ ቅጥር ጉዳይ መሆኑን የሚያስተውሉት አይመስለንም።

አሁን ደግሞ እነማን ይቀጠራሉ የሚለው ይምጣ። ከበረራ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት የንግድ በረራ ፈቃድ ሲይዝ በእጁ ያለው 200 ሰዓት ገደማ ነው። ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገው ከፍተኛው ፈቃድ ቢያንስ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ጀማሪ ድርጅት ካፒቴን የሚያሳድግበት ጊዜ የለውም፤ ኢንሹራንሱም አይፈቅድለትም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ካፒቴኖች ከብሔራዊው አየር መንገድ ይወስዳል፣ ወይም ወደ ገልፍ አገሮች የሄዱትን ይመልሳል፣ ወይም የውጭ ዜጋ ያመጣል። ረዳት አብራሪውንም ቢሆን ያንኑ አውሮፕላን ከዚህ በፊት የበረረበትን ይመርጣል፤ ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጠው ማሠልጠኛ በአስር ሺዎች ዶላር የሚጠይቅ ነውና። ቤት ለተቀመጠው ልጃችን ከ30ው ወንበር በመጀመሪያው ዓመት ሁለትም ሦስትም ቢደርሰው ብዙ ነው። ይህን በግልጽ እንናገራለን።

ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ጥቅሙ ያለው በሰንሰለቱ ነው። ካፒቴኑ ሲለቅ ረዳቱ ከፍ ይላል፣ የረዳቱ ወንበር ባዶ ይሆናል። ባዶው ወንበር የሚገኘው ግን አዲሱ ድርጅት ውስጥ ሳይሆን ነባሩ ዘንድ ነው። ነባሩ አየር መንገድ ደግሞ አብራሪዎቹን የሚወስደው በዋናነት ራሱ ካሠለጠናቸው ነው። በራሱ ገንዘብ የተማረ ልጅ በእኩል ፈተና የሚወዳደርበት በር ካልተከፈተለት ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል።

ጀማሪነትን እንደ ነውር የምናይ አይደለንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ጀማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አውሮፕላኑን የሚነዱት ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገው ውል የመጡ ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ የሆኑት በ1957 ነው። አስራ አንድ ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በአዛዥነት የተቀመጡት ደግሞ በ2010 ነው። አብራሪ በአንድ የምርጫ ዘመን አይበቅልም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ደግሞ ጥንቃቄ ያስተምራል። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ ስካይባስ የተባለ ድርጅት በግንቦት 2007 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር በእያንዳንዱ በረራ ቢያንስ አስር ወንበር በ10 ዶላር እሸጣለሁ ብሎ፣ 65 አዳዲስ ኤርባሶችም አዝዞ ነበር። 65 አውሮፕላን ሲባል የስንት አብራሪ ተስፋ እንደሆነ ከላይ ባለው ስሌት አስሉት። ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 2008 አንድ ዓርብ ዕለት ሥራ ማቆሙን አስታወቀ፤ ቅዳሜ አውሮፕላኖቹ አልተነሱም። ታንዛኒያ ውስጥ ፋስትጄት በኅዳር 2012 በ20 ዶላር ትኬት ጀመረ፤ መንግሥት ከ2016 ወዲህ የራሱን አየር መንገድ በአዳዲስ አውሮፕላኖች ሲያጠናክር መቋቋም አቅቶት በ2018 መጨረሻ ከገበያው ወጣ። በደቡብ አፍሪካ ዋንታይም በ2012፣ የመንግሥቱ ማንጎ በ2021፣ የኩሉላ ባለቤት ኮምኤር በ2022 ተከታትለው ቆሙ። በአንጻሩ በዚያው ገበያ በ2014 የጀመረው ፍላይሳፌር ዘልቋል። በባሕረ ሰላጤው ኤር አረቢያና ፍላይዱባይ የዘለቁት ከጀርባቸው አቅም ያለው ስለነበር ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። የአውሮፕላን ኪራይ፣ መለዋወጫና ኢንሹራንስ በዶላር ይከፈላል፤ የአገር ውስጥ ትኬት በብር ይሸጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። በዚያ ዓመት ሦስት አውሮፕላን በኪራይ ይዞ የጀመረ ድርጅት ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው ቅነሳ ከማን ደመወዝ ላይ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አንድ የሚገርመንን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የእኛው አየር መንገድ በቶጎ ሎሜ አስካይ በ2010 እ.ኤ.አ. መብረር ሲጀምር ዋና አጋር ነበር፤ በማላዊ 49 በመቶ፣ በዛምቢያ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ አየር መንገድ አቋቁሟል። ለጎረቤት አገር ጀማሪ አየር መንገድ መውለድ የሚችል ተቋም፣ በገዛ አገሩ ጀማሪ ሲመጣ የሚፈራበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። አየር መንገዱ ይሸጥ፣ ይዳከም እያልን አለመሆኑ ይሰመርበት። የሕዝብ ሀብት ነው፣ በሕዝብ እጅ ይቆይ። እኛ የምንለው ኤርፖርቱ ከእርሱ ተለይቶ ለሁሉም በእኩል ዋጋ የሚያከራይ ተቋም ይሁን ነው።

ለአዲስ ድርጅት ፈቃድ ስንሰጥም በባዶ እጅ አይሆንም። ቢያንስ የስድስት ወር የሠራተኛ ደመወዝ በዝግ ሒሳብ ያላስቀመጠ አውሮፕላን አያነሳም፤ ድርጅቱ ቢወድቅ ያ ገንዘብ የአበዳሪ ሳይሆን የሠራተኛው ነው። በሌሎች አገሮች እየተለመደ እንደመጣው ከወጣቱ ገንዘብ ተቀብሎ በረዳት አብራሪ ወንበር ማስቀመጥ በሕግ የተከለከለ ይሆናል። መንገደኛ ጭኖ የሚበር ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። በተያዥ የሚፈረመው የሥልጠና ግዴታም ለሥልጠናው ከወጣው ወጪ እንዳይበልጥና ከዓመት ዓመት እየቀነሰ እንዲሄድ እናደርጋለን፤ ልጁ ሥራ ሲለውጥ አባቱ ቤቱን የሚያጣበት ውል ውል አይባልም።

ወላጆችም የበረራ ትምህርት ቤት ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ካለፉት ሁለት ዓመታት ተመራቂዎች ስንቱ የት እንደተቀጠረ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መስጠት ግዴታ እንዲሆን እናደርጋለን፤ እስከዚያው ግን መጠየቅን የሚከለክል ሕግ የለም።

የሚቀረው ዛሬ ቤት የተቀመጡት ናቸው። የአብራሪ ፈቃድ እንደ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ አይደለም። የሕክምና ምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በመሣሪያ የመብረር ብቃትም በየጊዜው ይፈተናል፤ ሁለት ዓመት ያልበረረ ልጅ ሥራ ቢወጣ እንኳ ለማመልከት ብቁ አይሆንም። በሕዝብ ገንዘብ የተገዙት ሲሙሌተሮች ሥራ በማይበዛባቸው የሌሊት ሰዓቶች ሥራ ፈላጊ ባለፈቃዶች በወጪው ልክ ብቻ ከፍለው እንዲለማመዱባቸው ማድረግ አዲስ አዋጅም አዲስ አየር መንገድም አይጠይቅም። በተመረጥን በመጀመሪያው ዓመት የምንጀምረው ከዚህ ነው።