በሌሊት የሚነበቡ መሪዎች

የአንድ መሪ የሕይወት ታሪክ እጄ ሲገባ ቀድሜ የምገልጠው የዘመቻውን ወይም የሹመቱን ምዕራፍ አይደለም። እሱን የትም አገኘዋለሁ። የምፈልገው ማታውን ነው። ባለጉዳዩ ከተሰናበተ፣ አጃቢው ከተበተነ በኋላ ሰውየው ምን ያደርጉ ነበር? ከማን ጋር ያወጉ፣ ምን ያስጨንቃቸው፣ ምን ያስደንቃቸው ነበር? ይህን የማይነግረኝ መጽሐፍ አምስት መቶ ገጽ ቢኖረውም ከሰውየው ጋር አላስተዋወቀኝም።

የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን ያቀረበልኝ እንዲህ ያለ ማታ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1863 ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጌቲስበርግ ውጊያ ካበቃ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ በሦስት ቀን ውጊያ ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው ሲደመር ሃምሳ ሺህ ገደማ ደርሷል። በዚያ ሰሞን ፕሬዚዳንቱ ከወጣቱ ጸሐፊያቸው ከጆን ሄይ ጋር በዋሽንግተን ወደሚገኘው የባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ሄዱ። ጨረቃንና አርክቱረስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ በቴሌስኮፕ አዩ። ሄይ በዕለት ማስታወሻው አስፍሮታል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያ መመልከቻ ይሠራ ከነበሩት አንዱ አሳፍ ሆል ነው፤ ኋላ በ1877 የማርስን ሁለት ጨረቃዎች ያገኘው። ልጁ ስለ ቤተሰቡ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሆል ከጉብኝቱ በኋላ አንድ ሌሊት ብቻውን ሲሠራ የወለሉ መዝጊያ ተከፈተና ሊንከን ብቅ አሉ። በጨለማው መንገድ ያለ አጃቢ ነው የመጡት። ጨረቃ በቴሌስኮፑ ለምን ተገልብጣ እንደታየች ሊጠይቁ ነበር። በወጣትነታቸው መሬት ቀያሽ ሳሉ የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ነገርን ሳይገለብጡ ያሳዩ ስለነበር ነገሩ አልዋጥ ብሏቸዋል።

መልሱ ይህ ነው። ብርሃን በቴሌስኮፑ ሌንስ ሲያልፍ ምስሉ ይገለበጣል። ለማቃናት ሌላ ሌንስ መጨመር ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ መስተዋት ከብርሃኑ ይቀንሳል። ከዋክብት ለሚመለከት ሰው ደግሞ ከምስሉ መቃናት ይልቅ ብርሃኑ ይበልጥበታል፤ ሰማይ ላይ ላይም ታችም የለምና።

አገራቸው ለሁለት ተሰንጥቃ፣ የሟች ስም ዝርዝር በየቀኑ እየደረሳቸው፣ አንድ ያልገባቸውን ነገር ከአንድ ተራ ሠራተኛ ለመማር ደረጃ የወጡ መሪ ናቸው። ስለ ሊንከን ትሕትና ከተጻፈው ውዳሴ ሁሉ ይህ አንድ ገጽ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ሌላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። ለእኛ ባዕድ አይደሉም፤ ሮበርት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልከው በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያዋዋሉት እሳቸው ናቸው። ሩዝቬልት ሳጋሞር ሂል በተባለው ቤታቸው የተፈጥሮ ተመራማሪውን ዊሊያም ቢቢን ሲያስተናግዱ፣ ማታ ሲያወጉ ቆይተው ሁለቱም ደጅ ይወጣሉ። ፔጋሰስ የሚባሉትን ከዋክብት አራት ማዕዘን ይፈልጉና ከዚያ አለፍ ብላ እንደ ጭጋግ የምትታየውን ብዥታ እስኪያገኙ ይቃኛሉ። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት። አንዳቸው ስለ ስፋቷና በውስጧ ስላሉት ፀሐዮች ብዛት እንደ ጸሎት ይደግማሉ። ከዚያ ሩዝቬልት፣ አሁን የሚበቃንን ያህል አንሰናል፣ ገብተን እንተኛ ይላሉ።

ይህን ያቆየልን ቢቢ ነው፤ የጻፈው ግን ሩዝቬልት ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች፣ ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗን ኤድዊን ሀብል ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን ሩዝቬልት የሞቱት በጃንዋሪ 1919 ነው። ስለዚህ በአፋቸው የገባው ዕውቀት ከፊሉ ቢቢ ኋላ የተማረው ሳይሆን አይቀርም። የሕይወት ታሪክ አንባቢ እንዲህ ያለውን ማመሳከር አለበት፤ ፍቅርም ቢሆን ትዝታን ያሳምራል። ልማዱን ግን አምናለሁ። ያን ያህል ድምፃቸው የሚሰማ፣ አደባባይ የሚወዱ ሰው ከመኝታ በፊት ራሳቸውን ለማሳነስ ደጅ መውጣታቸው ትልቅ ጥበብ ነው።

እነሱ የሚፈልጓት አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ የተረቱ ኢትዮጵያ የዛሬዋን ወሰን ባይከተልም። አባቷ ኬፌዎስ፣ እናቷ ካሲዮፒያ ናቸው። ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ልዕልቶች እንበልጣለን ብላ በመታበይዋ ልጇ ከዓለት ላይ ታስራ ለባሕር አውሬ ተሰጠች፤ ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። ካሲዮፒያ ግን ከነዙፋኗ ሰማይ ላይ እየተዘቀዘቀች እንድትዞር ተፈረደባት። ከማውቃቸው የመሪ ታሪኮች ሁሉ አጭሩና ቆራጡ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለኮከብና ለፕላኔት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዚሁ በአንድሮሜዳ ክልል ያለ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባሉ። ቡና ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው ካሳ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ ነው። ልጁ አድጎ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሦ፣ መቅደላ ላይ ወድቆ፣ ዮሐንስና ምኒልክ ተከትለው፣ ዘውዱም ራሱ ቀርቶ፣ ብርሃኑ መንገድ ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ የመሪ ታሪክ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ ለማንገሥ ወይም ለመርገም ነው። አንዱ ወገን ያከበረውን ሌላው ያዋርዳል፤ ሁለቱም ሰውየውን ከልካቸው በላይ ያገዝፏቸዋል። ጳውሎስ ኞኞ ስለ አጤ ምኒልክ ሲጽፍ ደብዳቤውን፣ ጨዋታውን፣ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸውን ጉጉት አልናቀም፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ሳሉ ያዘጋጁት የሕይወት ታሪካቸው ግን በአብዛኛው የመንግሥት ነገር ነው። የባዝን ረጅም የክረምት ሌሊት እንዴት እንዳሳለፉት ባውቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ከመሪዎች ጋር የኖሩና ያገለገሉ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሕይወት ታሪክ የምትጽፉ ወገኖች፣ ስለ ችሎቱና ስለ ግብሩ ብቻ አትጠይቋቸው።

አንባቢዬ፣ አንቺም አንተም፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከከተማ መብራት ራቅ በሉ። የፔጋሰስ አራት ማዕዘን አናት ላይ ይሆናል። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ጠመዝማዛ መስመር የሠሩት አምስት ከዋክብት ካሲዮፒያ ናቸው፤ በእነሱና በአራት ማዕዘኑ መካከል ያለችው ብዥታ አንድሮሜዳ ናት። ያያችሁት ብርሃን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ።