የመኪና ሸራ ስትገዙ ስፋቱን ሳይሆን ካስማውን ጠይቁ

«ጋሼ፣ ለካምፒንግ የቱን የመኪና ሸራ ልግዛ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ያንን መኪናውን 270 ዲግሪ የሚከበውን፣ «ያለ ምሰሶ ይቆማል» የሚባልለትን ተዉት! እኔ ተታልዬበታለሁ። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ከነብረቱ ገነጠለው፤ ልጆቹ ከተቀመጡበት አንድ እርምጃ ርቆ ወደቀ። እግዜር አተረፈን።

ደግሞስ 20 ምናምን ኪሎ ፖርቶመጋላ ላይ ሰቅሎ ዳገት ለዳገት አግድም መንዳት ምን የሚሉት ጀብድ ነው? ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪና ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ይሄንን ክፍል ውስጥ አስተምሬያችኋለሁ እኮ!

2 በ2.5 ሜትር የሆነ፣ ሁለት እግር ያለው ተራ ሸራ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። በተረፈው ብር ረጃጅም ካስማና ጠንካራ ገመድ ግዙ። ነፋሱ ከበረታ ግን እሱንም ሳታመነቱ ጠቅልሉት።

ዳስ የሚያቆመው ካስማ እንጂ ስፋት አይደለም።