«ኮኔክሽኑ ሞቷል» ከማለታችን በፊት

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ጥፋቴን በማመን ነው። ባለፈው ሴሚስተር በኮምፒውተር ክፍላችን ላይ የተፈረመውን የቅሬታ ወረቀት ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ የቤት ሥራ 1 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ማውረድ ነበረብኝ። ሁልጊዜ የምቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ቪዲዮው ግን ገና አላለቀም። መስመሩ 10 ሜጋቢት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ታዲያ የት ገባ?» አልን። አንዱ «ክፍሉን የሚቆጣጠሩት ጋሼ ፊልም ያወርዱበታል» አለ። ሌላው «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። እኔ ደግሞ ብዕሬን አነሳሁ። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ 31 ፊርማ ነበረበት።

ወረቀቱን ለኃላፊዎች ከማስገባታችን በፊት ጋሼ ሰምተው አስጠሩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። የጠየቁኝ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ መስመሩን ለክተሽዋል?»

«አልለካሁም።»

«እኔ ፊልም ሳወርድ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ምንጭ ማጣራት የተማርኩ ሰው «ሲባል ሰምቼ ነው» ልበል?

ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ አጠገቡ ባለው ኮምፒውተር ላይ አስከፈቱኝ። መስመሩ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ፋይሉም ያው። 14 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ! ችግሩ መስመሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በተንቀራፈፉ ነበር። ጋሼ የእኔን ኮምፒውተር ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ኔትሽ በሚባለው ትእዛዝ የቲሲፒን ሴቲንግ አወጡ። «ሪሲቭ ዊንዶው ኦቶቲዩኒንግ» በሚለው መስመር ትይዩ «ኖርማል» ማለት ሲገባው «ዲሴብልድ» ይላል። አንድ ሰው አጥፍቶታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱኝ በጀሪካን ነው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ በቀን የምታመጪው ውሃ የሚወሰነው በምንጩ ስፋት ብቻ ሳይሆን በያዝሽው ጀሪካንም ነው። ኮምፒውተርም ከሩቅ ሰርቨር ሲቀበል «ይህን ያህል ላክልኝ፣ መድረሱን ሳረጋግጥልህ ትቀጥላለህ» ይላል። ቲሲፒ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲደነገግ የዚህ ጀሪካን ትልቁ ልክ 65,535 ባይት ነበር። በ1992 ልኩን ማሳደጊያ ዘዴ ወጣ። በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ ርቀቱ ጀሪካኑን ያሰፋል። ይህን ማጥፋት ወደ ትንሹ ጀሪካን መመለስ ነው።

እስቲ እናስላው። የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ 200 ሚሊሰከንድ ነው ብንል፣ በሰከንድ አምስት ምልልስ ይሆናል። አምስት ጊዜ 65,535 ባይት ማለት 327,675 ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 2.6 ሜጋቢት ገደማ ይመጣል። መስመሩ 10 ይሁን 100፣ አንዱ ፋይል ከዚያ አያልፍም። የሚገርመው፣ የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጾች ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ በርካታ ግንኙነት ስለሚከፍቱ ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን ብቻ ሳይሆን አንድን ፋይልም በሁለት ኮምፒውተር ማወዳደር ያስፈልጋል።

ማን አጠፋው? ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከየት እንዳመጣው ግን መገመት አይከብድም። «ይህን ብታጠፉ ኢንተርኔታችሁ ይፈጥናል» የሚል ምክር ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። ቪስታ በወጣ ሰሞን አንዳንድ አሮጌ ራውተሮች ከአዲሱ አሠራር ጋር ስላልተስማሙ ለእነሱ የተሰጠ መላ ነበር። ምክንያቱ ተረሳ፣ ምክሩ ግን ቀረ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመንም «ዊንዶውስ 20 በመቶውን መስመር ይሰርቃል» ይባል ነበር። ማይክሮሶፍት ያ ድርሻ የሚያዘው ፕሮግራም ሲጠይቀው ብቻ እንደሆነ፣ ካልተጠየቀ ሌሎች ሙሉውን እንደሚጠቀሙበት ቢያስረዳም ወሬው አልቆመም። የኮምፒውተር ወሬም እንደ ሰፈር ወሬ ነው ማለት ነው።

«የእኛ ሥራ ዜና መጻፍ እንጂ ኮምፒውተር መጠገን አይደለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። «ጥፋቱን ወደ ራሳችን ካዞርን አገልግሎት ሰጪው ነፃ ሊወጣ ነው» የምትሉም አላችሁ። ሁለተኛው ስጋት እውነት አለው። መስመሩ በእርግጥ የሚሞትበት ቀን አለ። ግን የራሱን ኮምፒውተር ያልፈተሸ ቅሬታ በአንዲት ጥያቄ ይወድቃል፤ የእኔ በሦስት ወደቀ። የፈተሸና የለካ ሰው ቅሬታ ግን መልስ ያስገድዳል። ዜናም ቢሆን ያው ነው፣ ያላጣራነውን ብንጽፍ የምንጎዳው ሰው አለ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በየኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ኮኔክሽኑ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ሦስት ነገር እንይ። አንደኛ፣ ኦቶቲዩኒንጉ ኖርማል ነው ወይ? ሁለተኛ፣ የኔትወርክ ካርዱ ፍጥነትና ዱፕሌክስ በአውቶማቲክ ላይ ነው ወይ? አንዱ ጫፍ በእጅ ተቆልፎ ሌላው አውቶማቲክ ከሆነ ሁለቱ ላይግባቡና መረጃ ሊጋጭ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከጀርባ አፕዴት እየወረደ ነው ወይ? ያልገባንን ሴቲንግ ደግሞ አንነካካ፤ የነካነውንም ከነምክንያቱ እንጻፈው። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የለካነውን ቁጥር እንመዝግብ። ሁሉም ደህና ሆኖ መስመሩ ከሞተ፣ ደብተሩን ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ እኔም በድጋሚ እፈርማለሁ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። ወሬው ግን ከ31 ሰው ጆሮ አይቀደድም። አበው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ጋሼ «ተይው፣ ልጅ ነሽ» ብለውኛል። እኔ ግን በብዕር ያጠፋሁትን በብዕር ማስተካከል ስላለብኝ በዚህች መጽሔት ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ፊልም አላወረዱም።