ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ አይደለም

አንባቢ ሆይ! ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት ሲመለሱ የጎረቤት እናት ልጅዋን ታቅፋ፣ «እስቲ እናንተ የተማራችሁት እዩልኝ፤ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃዎት ያውቃል? ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሐኪም ይመስላልና፣ መምህር በመሆኔ እኔም ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አላውቅም ማለት ስለሚያሳፍር ብዙዎቻችን «ኩፍኝ ነው፤ ለልጅ ሁሉ ይወጣል» ብለን እንሸኛለን። ይህ መልስ ስሙን ቢያገኘው እንኳ ይጎዳል፤ ኩፍኝ ሳንባን የሚያቆስል፣ ዓይን የሚያጠፋ፣ ነፍስም የሚነጥቅ በሽታ ነውና።

ስለዚህ ስም ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ሽፍታው ሳይወጣ ምን ታየ? ከየት ጀመረ? መልኩስ እንዴት ነው?

ኩፍኝ ከሆነ ከሽፍታው ከሁለት እስከ አራት ቀን አስቀድሞ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል። በጉንጭ ውስጥ፣ በመንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ተነሥቶ ወደ ደረት፣ ቀጥሎም ወደ እግር ይወርዳል፤ ውኃም አይቋጥርም። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ማየት ብቻ አይበቃም፤ በእጅ መዳሰስም ያሻል።

ጉድፍ ግን ውኃ ይቋጥራል፤ እጅግም ያሳክካል። ብዙውን ጊዜ ደረትና ጀርባ ላይ ይበረታል። ዋናው መለያው አዲሱ ነጠብጣብ፣ ውኃ የቋጠረውና ቅርፊት የያዘው በአንድ ቀን በአንድ ገላ ላይ አብረው መገኘታቸው ነው። ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ፈንጣጣ እንዲህ አልነበረም፤ የእርሱ ቁስል በአንድነት ይበስል፣ ፊትና እጅ እግር ላይም ይበዛ ነበር። ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ታውጇል። ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ልጁ ምራቁ እየተዝረበረበ ምግብ እምቢ ካለ፣ አፉንም ካቆሰለው፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ይመልከቱ። በዚያም ሽፍታ ካለ ሐኪሞች የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ የሚሉት ሊሆን ይችላል። ከብት ከሚይዘው አፍተግር ጋር ዝምድና የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሽራል፤ የሚያሰጋው አፉን እያመመው ሳይጠጣ ቀርቶ ገላው ውኃ እንዳያጣ ነው። «ምች መታው» የምንለው ቁስል ግን ብዙ ጊዜ የከንፈርን ጠርዝ ይዞ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት በየደጃፉ ሐኪም እንድንሆን አይደለም፤ የትኛው ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት እንድናውቅ ነው። ትኩሳት፣ ሳልና ቀይ ዓይን ከሽፍታ ጋር ከተገናኙ፣ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ነገ አይባልም። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ በጤና ጣቢያ በሁለት ተከታታይ ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑን ከመታወር፣ ሕይወቱንም ከሞት ይጠብቃል። ብርሃን ስለሚያመው ክፍሉን ማደብዘዝ ደግ ነው፤ በጨለማ ደብቆ ምግብ መከልከል ግን ሕመሙን ማባስ ነው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱም ገና ከበር «ሽፍታ አለበት» ይበሉ፤ የኩፍኝ ተሕዋስ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያልና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መከላከል ነው። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ዳግመኛም በ15 ወር ይሰጣል።

እንግዲህ ያች እናት ዳግመኛ ስትመጣ፣ አንባቢ ሆይ፣ «አላውቅም» ለማለት አይፈሩ። ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቋትና ጤና ጣቢያ ድረስ አብረዋት ይሂዱ። ያን ቀን የተማረ ሰው ሥራ ሠሩ ማለት ነው።