ሰጎኗን አይቶ፣ ከሰሉን ጭኖ

ማስታወቂያው ከሳምንት ሳምንት አይለወጥም። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ መነሻ፤ ላንጋኖ ቢች፣ ዋና፣ ጀልባ፣ ማታ ካምፕፋየር፤ እሁድ ደግሞ «የአብያታ-ሻላ ሳፋሪ»። ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብና የፓርክ መግቢያ ተካቷል። ጥቂት ቦታ ቀርቷል፣ ይፍጠኑ!

ጉዞውም እንደ ማስታወቂያው ነው። ሚኒባሱ ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፎ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ላንጋኖ ይደርሳል። ቅዳሜ በአሸዋው ላይ ያልቃል፤ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ነው። እሁድ ጠዋት ግማሹ ሰው አይነሳም። ቁርስ ተበልቶ፣ ዕቃ ተጭኖ ፓርኩ በር ሲደረስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ሰጎኖች አሉ፣ ሚዳቋዎች አሉ፣ ከርከሮም አይጠፋም። ስልክ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት። «በሉ ግቡ፣ ባቱ ዓሣ ይጠብቀናል!» ይላል አስተባባሪው።

ሳፋሪው አለቀ።

በመልስ ጉዞ ግን አንድ ፌርማታ አለ፤ ይህ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም። መንገድ ዳር የተደረደረ ከሰል ሲታይ «እዚህ ጋ አቁምልን፣ ከአዲስ አበባ ይረክሳል» የሚል አይጠፋም። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይከተላል። ማዳበሪያው ጣሪያ ላይ ይታሰራል። ማታ ከሰጎኗ ጋር የተነሱት ፎቶ «ተፈጥሮን እንውደድ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይለጠፋል። ከሰሉ ፎቶ ላይ የለም።

ስድስት ቀን የሠራ ሰው በሰባተኛው ቀን ውኃ ዳር መተኛቱ ነውር አይደለም። ጭፈራውም ነውር አይደለም። ነውሩ የአንድን ፓርክ ስም ሸጦ ፓርኩን አለማሳየት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ገዢው ምን እንዳልታየው እንኳ ሳያውቅ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ምን አልታየውም?

ማስታወቂያው ሁለት ዕቃ አድርጎ የሚሸጠው፣ ቢቹና ፓርኩ፣ በውኃ የተያያዘ አንድ ነገር መሆኑ አልታየውም። ላንጋኖ ሲሞላ ትርፉ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። የዝዋይ ሐይቅም ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይልካል። አብያታ ግን መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ጎድጓዳ እርሱ ነው። ስለዚህ ላይ የተቀዳ ሁሉ የሚጎድለው ከእርሱ ነው። መቂና ዝዋይ አካባቢ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለአበባ እርሻ የሚሳበው ውኃ አብያታ ሳይደርስ የሚቀር ውኃ ነው። በዚያ ላይ ከራሱ ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ እየተሳበ ወደ ማትነኛ ገንዳ ሲገባ ኖሯል። ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ በ1960ዎቹ የነበረው ሐይቅ ከግማሽ በላይ ሸሽቷል። ድሮ ውኃ የነበረበት ሜዳ ዛሬ ነጭ ጨውና ስንጥቅጥቅ ያለ ጭቃ ነው።

የፔሊካኖቹን ነገር ደግሞ ስሙ። ከአብያታ ጎን ያለው ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው። በውስጡ ባሉት ደሴቶች ላይ ፔሊካኖች ይፈለፍሉ ነበር፤ ሰውም አውሬም አይደርስባቸውም። ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ እንቁላላቸውን ሻላ ላይ ጥለው ምግባቸውን ከአብያታ ያመጡ ነበር። መኝታው እዚህ፣ ማዕዱ እዚያ። አብያታ ሲቀንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ፣ ማዕዱ ተነሳ። ደሴቱን ማንም አልነካባቸውም፤ የራባቸው ግን መኖር አልቻሉም። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው ይህ ፓርክ በዋናነት የተከለለው ለውኃ ወፎች መሆኑን ያስታወሰ ሰው ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ለሰጎን አልነበረም።

በዚህ ላይ ግራሩ አለ። ፓርኩ ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ ከብት ገብቷል፣ ግራሩ ለከሰል ተቆርጧል። መንገድ ዳር የሚሸጠው ከሰል ሁሉ ከፓርኩ ወጣ ማለት አይቻልም። ገዢው ግን ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ሻጩም አይናገርም። ከሰል አክሳዩን መርገም ቀላል ነው። እርሱ ግን በየሳምንቱ የሚያየው ይህን ነው፤ መኪናዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ገንዘባቸውን ሎጅና ምግብ ቤት ያራግፋሉ፣ እርሱ ዘንድ የሚቆሙት ለከሰል ብቻ ነው። ለቆመ ግራር የከፈለው አንድም ጎብኚ የለም፤ ለተቃጠለው ግን ተሰልፈው ይከፍሉታል። ታዲያ የትኛውን ይጠብቅ?

የፓኬጅ አዘጋጆች ሦስት መልስ አላቸው።

አንደኛው፣ «ሰው የመጣው ለመዝናናት እንጂ ለትምህርት አይደለም» የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ «ሳፋሪ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ያውጡት። ላንጋኖ ብቻውን ይሸጣል። የፓርኩን ስም የጻፉት ገበያ ስለሚስብ ነው፤ በስሙ ገንዘብ ከተሰበሰበ ለስሙ የሚገባውን መስጠት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው፣ «ጊዜ የለም» የሚል ነው። የፓርኩ በር ያለው ከላንጋኖ ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሲበርድ መግባት ይቻላል፤ እንስሳቱም ከጥላ የሚወጡት ያኔ ነው። የሻላን ሐይቅ ከላይ ሆኖ ማየት፣ ፍል ውኃው ዘንድ መውረድ፣ ለካምፕፋየሩ በሰዓቱ መመለስ ይቻላል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። «ሐይቁን ያደረቀው ፋብሪካና እርሻ ነው፤ የአንድ መንገደኛ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ምን ያመጣል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጥፋቱ እኩል አይደለም። ግን ፋብሪካውንና እርሻውን ማን ይጠይቅ? ሐይቁን ያየ ሕዝብ ነው የሚጠይቀው። ይህ ፓኬጅ በየሳምንቱ የሚያፈራው ግን ሳያይ የሚመሰክር ሰው ነው። አብያታን ታውቀዋለህ ሲባል «አዎ፣ ሄጃለሁ፣ በጣም ያምራል» ይላል። ውኃው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሸሸ አላየም፤ ፔሊካን እንደነበረ አልሰማም። አንድ ቀን ሐይቁ ደረቀ የሚል ዜና ቢሰማ «እንዴ! እኔ እኮ ስሄድ ደህና ነበር» የሚለው እርሱ ነው። ሐረማያም በ1990ዎቹ ከመድረቁ በፊት በዳሩ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ነበር።

አዘጋጆቹ አብዛኞቹ በትንሽ ካፒታል የተነሱ ወጣቶች ናቸው፤ አገር ውስጥ ጉዞን ያስለመዱት እነርሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። የሚጠየቁትም ከአቅማቸው በላይ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ግማሽ ቀን ይስጡ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርገው ይቅጠሩ፣ የሚከፈለውንም በዋጋው ውስጥ ያካትቱ። ፍላሚንጎዎቹ ሲነሱ ለመቅረጽ ወደ እነርሱ የሚሮጠውንና ድሮን የሚያስነሳውን ይከልክሉ፤ ወፎቹ በምግብ ሰዓታቸው ላይ ናቸው። መኪና ወደ ደረቀው ሐይቅ አያስገቡ፤ ጭቃው ከላይ ጠንካራ መስሎ ጎማ ይውጣል። በመጨረሻም ሹፌሩን «በመልስ ለከሰል አይቆምም» ይበሉት። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

መንገደኛውም ከፋይ ነውና መጠየቅ ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት ማስታወቂያው ሲመጣ፣ ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። ፓርኩ ውስጥ የምንቆየው ስንት ሰዓት ነው? የሚያስጎበኘን የአካባቢው ሰው አለ ወይ? መልሱ «ሰጎን እናያለን፣ ፎቶ እንነሳለን» ከሆነ ላንጋኖን ብቻ ከፍሎ ይሂድ። ቢያንስ ያልጎበኘውን ጎበኘሁ አይልም።