ሻርፑና አማናው



በቶጎ ውጫሌ በኩል ጅግጅጋ የሚገባውን አባያና ሻርፕ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉምሩክ ግን ልብስን የሚመድበው እኛ በምንጠራው ስም አይደለም። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ የሚሠራበት፣ አገራችንም የምትከተለው የታሪፍ አመዳደብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ ነው። በሹራብ አሠራር የተሠራ ልብስ በምዕራፍ 61፣ የተሸመነው በምዕራፍ 62 ይገባል። ስለዚህ የተሸመነው ሻርፕ 62.14 ሲሆን የሹራቡ 61.17 ነው። የወንድ ይሁን የሴት ያልተለየ ልብስም ከሴቶች ልብስ ይቆጠራል።

ነጋዴ እህቶቻችን ይህን ማወቅ ያለባቸው በዲክላራሲዮን ላይ የሚሰፍረው ቃል አማና ስለሆነ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ባለቤቱን ገሥጸውታል። ላዩ ሻርፕ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ቦንዳ ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ምድቡን ለወዳጁ ዝቅ፣ ለማያውቀው ከፍ የሚያደርግ ሠራተኛም ከዚሁ አማና አያመልጥም። ልጆቻችንን የምናበላው ከዚህ ትርፍ ነውና፣ ቦንዳውን ከመግዛታችን በፊት ጨርቁን እንይ፤ ያየነውንም እናስመዝግብ።

አላህ ሐላል ሲሳይ ይስጠን። አሚን።